ያስገባው ይታወቃል፣ የጠገነውስ?

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ነበር። አንድ ፈረንጅ ከእሱ ዕድሜ የሚበልጥ ባለ ሰንሰለት የበረዶ መኪና ከጎተራ ጎትቶ አውጥቶ ይጠግናል። ዝገቱን ይፍቃል፣ ሞተሩን ያወርዳል፣ ሰንሰለቱን ይመልሳል። በመጨረሻ ተነሳችለትና በረዶው ላይ ነዳት። አባዬ አጠገቤ ቁጭ ብሎ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ዝቅ አድርጎ ያያል። እንግሊዝኛ አይሰማም፣ በረዶም ከሰማይ እንደ ጠጠር ሲወርድ እንጂ እንደዚያ መሬት ሸፍኖ አይቶ አያውቅም። ጥቂት አየና፦

«ሰንሰለቱን አጥብቆታል» አለ። «በረዶው ውስጡ ሲጠቀጠቅ ይበጠስበታል።»

ቪዲዮው ሊያልቅ ሲል ሰውየው ቆሞ ሰንሰለቱን ማላላት ጀመረ። አባዬ ግን እንቅልፍ ወስዶት ነበር።

ያን ዕለት ማታ አንድ ጥያቄ ያዘኝ። በረዶ አይቶ የማያውቅ ሰው የበረዶ መኪና ሕመም እንዴት ሊያውቅ ቻለ? መልሱ አጭር ነው፤ የእኛ በረዶ ጭቃ ነው። ጥያቄው ግን ወደ ሌላ ታሪክ ወሰደኝ። የምጽፍላችሁ እሱን ነው።

ክረምት ላይ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የወጣ ሰው ያውቀዋል። ታች ፀሐይ ነበር፣ ግማሽ መንገድ ላይ ጉም ይቀበላችኋል፣ ጫፍ ስትደርሱ ጣታችሁ አልታዘዝ ይላል። ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር አልፋችኋል። ከተራራው ጀርባ ወደ ሱሉልታ ስትወርዱ ደግሞ ሜዳው ዋልካ ነው። በበጋ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ሰውንም ከብትንም መኪናንም ይይዛል። የእኛ ቤት እንጀራ የመጣው ከዚያ ጭቃ ውስጥ ነው። አባዬ ከአንድ ሸሪኩ ጋር በ1986 ዓ.ም. በጨረታ የገዛት አሮጌ ካተርፒላር ዲ ሰቨን ዶዘር ድንጋይ ካባ ላይ ትሠራለች። አፈር ትገፋለች፣ ለገልባጭ መኪና መንገድ ትጠርጋለች። ከአባዬ ጋር እኩያ ሳትሆን አትቀርም። እሱ የተወለደው በ1943 ዓ.ም. ነው።

እንዲህ ያለችው መኪና ከየት መጣች? ሰንሰለት የተፈጠረው ለጦርነት የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። ታንክ ስላየን ይሆናል። እውነቱ ግን የተፈጠረው ለሥራ፣ ያውም መሬቱ ለሚሰምጥበት ሥራ ነው። በአሜሪካ ሜይን ግዛት አልቪን ሎምባርድ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1901 በእንፋሎት የሚሠራ ባለ ሰንሰለት ማሽን አስመዘገበ፤ ሥራው በበረዶ ላይ ግንድ መጎተት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1904 ደግሞ ቤንጃሚን ሆልት ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ትራክተሮች በሚሰምጡበት ለስላሳ መሬት ላይ፣ ጎማውን አውልቆ በሰንሰለት ተካው። የሆልት ኩባንያ ከተፎካካሪው ከቤስት ጋር እ.ኤ.አ. በ1925 ሲዋሃድ ካተርፒላር የተባለው ኩባንያ ተወለደ። አዶልፍ ኬግሬስ የተባለ ፈረንሳዊ ደግሞ የሩሲያውን ንጉሥ መኪኖች በበረዶ ላይ ለማስኬድ የጎማ ሰንሰለት ሠራ። ያው የእሱ ሰንሰለት በኋላ በሲትሮኤን መኪና ተገጥሞ የሰሐራን አሸዋ አቋረጠ። በረዶ፣ ጭቃ፣ አሸዋ፤ ሰንሰለቱ አይለይም። ሐሳቡ አንድ ነው። መንገድ የሌለበት አገር የሚሄድ መኪና መንገዱን ይዞ ይሂድ። ከፊት እያነጠፈ፣ ከኋላ እየጠቀለለ።

ያኔ እኛ ጋ ምን ነበር? እኛ ጋ መንገዱን የሚያነጥፈው ሰው ነበር።

አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት መድፍ፣ ሴባስቶፖል፣ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1867 ከደብረ ታቦር ተነስቶ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት 1868 ነው፤ ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። ሞተር የለም። ሰው ከፊት ገደል እየናደ መንገድ ይሠራል፣ ሌላው ሰው በጠፍር ይስባል፣ ንጉሡም አብረው ድንጋይ ያነሳሉ። መድፉ ዛሬም መቅደላ አለ። ማን እንዳዘዘው እናውቃለን። የቀለጡትን ብረቶች ያፈሰሱት የአውሮፓ ሚሲዮናውያን ስምም በመጻሕፍት ተመዝግቧል፤ ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ሞሪትዝ ሆል። አጠገባቸው ወናፍ የነፉት፣ መንኮራኩር ሲሰበር የጠገኑት፣ ጠፍር ሲበጠስ የቋጠሩት የእኛ ሰዎች ግን «ሠራተኞች» ተብለው ቀርተዋል።

ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ የባቡር ሐዲድ ገና አዲስ አበባ ሳይደርስ፣ ሰርኪስ ቴርዚያን የሚባል አርመናዊ ነጋዴ ለአፄ ምኒልክ በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ ማሽን አስመጣ። ሐዲድ የለው፣ በበረሃና በዳገት አልፎ መዲናዋ ገባ። ሕዝቡ ምን ብሎ ጠራው? «የሰርኪስ ባቡር።» ባቡር የሚለው ቃላችን ራሱ መነሻው እንፋሎት ማለት ነው። ለዚያም ነው የሐዲዱም የወፍጮውም ሞተር ባቡር የተባለው። ልብ በሉ፣ ማሽኑ ስም ሲወጣለት ባስገባው ሰው ስም ተጠራ። ጠዋት ጠዋት እሳት ያነደደለት፣ ውኃ የሞላለት፣ ሲቆም ያስነሳው ሰው ስም አልወጣለትም።

ቀጥሎ አውቶሞቢል መጣ። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለች መኪና ከጅቡቲ በኩል ነድቶ አዲስ አበባ አስገባ። ምኒልክም ተሳፈሩባት። «የመጀመሪያዋን መኪና ማን አስገባ?» የሚለው የጥያቄና መልስ ውድድር ጥያቄ ሁላችንም ጋ ደርሷል።

በዚያው በ1900 ዓ.ም. የሆነ ሌላ ነገር ግን ለውድድር አይጠየቅም። ምኒልክ አዋጅ አወጁ። አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪውን፣ ፋቂውን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ የሚያዝ አዋጅ ነው። መኪና የገባበት ዓመትና ብረት ቀጥቃጭን አትስደቡ የተባለበት ዓመት አንድ ነው። ንጉሡ ነገሩ ገብቷቸው ነበር ማለት ነው፤ መኪና ገዝተህ ቀጥቃጭን ከሰደብክ፣ መኪናዋ ስትሰበር ማን ጋ ትሄዳለህ?

አዋጁ ወጣ። ስድቡ ቀረ ወይ? እሱን በኋላ እነግራችኋለሁ።

ጣልያን በአምስት ዓመት ቆይታው ብዙ መንገድ ሠራ፤ ሲወጣ መንገዱ ተቦርቡሮ ቀረ። በ1943 ዓ.ም. መስከረም ላይ የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ የመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ። ባንኩ ለአፍሪካ ካበደራቸው የመጀመሪያዎቹ ብድሮች አንዱ ነው። በዚያው ዓመት ጥር ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ሕዝቡ እስካሁን በአጭሩ «አውራ ጎዳና» ይለዋል። ከአሜሪካ መንገድ መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች መጡ፣ ቢጫ ማሽኖች መጡ፣ ግሬደር፣ ሮሎ፣ ዶዘር። አባዬ በ19 ዓመቱ እዚያ ዓለም ውስጥ ገባ። መጀመሪያ የያዘው ግሪስ መቀቢያ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። ማሽኑ አሜሪካዊ ነው፣ መመሪያው እንግሊዝኛ ነው፣ ጋራዡ ግን የሚናገረው ጣልያንኛ ነው። ቴስታታ፣ ቢየላ፣ ፋሻ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን፣ ጓርኒሲዮን፣ ዳዶ፣ ቡሎን፣ ካቻቢቴ። ድንጋይ የሚወጣበት «ካባ» ሳይቀር ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ጣልያን ሄዷል፣ ቃሉ ግን በአፍ ቀርቷል። እነዚህ ቃላት ከመጽሐፍ አልመጡም። አንዱ ለሌላው «ያን አቀብለኝ» እያለ፣ ከአለቃ ወደ ረዳት፣ ከረዳት ወደ ልጅ እግር የተላለፉ ናቸው። የእኔ ትምህርትም እንደዚያው ነው። ሰባት ዓመቴ ላይ «ቁልፍ 24 አምጣ» ሲባል ሳላይ በእጄ ዳብሼ አመጣ ነበር።

ስለ ሥራው ትንሽ ልንገራችሁ። የዶዘር ሰንሰለት ከ30 በላይ መጋጠሚያ አለው። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ውስጥ ፒን አለ፤ ፒኑን የሚያቅፍ የብረት ቱቦ ደግሞ አለ፣ እነ አባዬ ቦኮላ ይሉታል። ሰንሰለት «ተለጠጠ» ሲባል ብረቱ አልረዘመም፤ ፒኑና ቦኮላው እርስ በርስ ተበላልተው ክፍተት ፈጥረዋል። አንዱ መጋጠሚያ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ቢበላ፣ በ30 መጋጠሚያ 6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ያኔ ሰንሰለቱ ይላላና በጥርሱ ላይ ይዘላል፣ ከፍ ሲልም ይወልቃል። መፍትሔው ግን ቆንጆ ነው። ፒኑም ቦኮላውም የሚበላው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው። ስለዚህ በፕሬስ ገፍተህ ታወጣውና ግማሽ ዙር አዙረህ መልሰህ ትገጥመዋለህ። ያልተበላው ጎን ሥራ ይጀምራል። አንድ ሰንሰለት ሁለት ዕድሜ ይኖራል ማለት ነው። አባዬ «ገልብጦ መልበስ» ይለዋል፤ ድሮ የኮት ጨርቅ እንደሚገለበጠው።

ጭቃው ሌላ ትምህርት ነው። ዋልካ በሰንሰለቱና በጥርሱ መካከል ሲጠቀጠቅ ሰንሰለቱን ይወጥረዋል። ስለዚህ ክረምት ሲገባ ማላላት፣ በጋ ሲመጣ ማጥበቅ ነው። ማታ ሥራ ሲያልቅ ጭቃውን በአካፋ መፈግፈግ ግዴታ ነው፤ ካደረ ደርቆ እንደ ጡብ ይሆናል። በበረዶ አገር ደግሞ ያደረው በረዶ ግግር ይሆናል። ሕጉ አንድ ነው። አባዬ ያን ቪዲዮ አይቶ የተናገረው ይህን ስለሚያውቅ ነው።

አነሳሷም የራሱ ሥርዓት አለው። ትልቁ የናፍጣ ሞተር በባትሪ አይነሳም። ከጎኑ ትንሽ የቤንዚን ሞተር አለች። መጀመሪያ ትንሿን በገመድ ጎትተህ ታስነሳለህ፤ እሷ ትልቁን ታዞራለች። ሁለቱ የሚጋሩት የማቀዝቀዣ ውኃ አንድ ስለሆነ፣ ትንሿ ስትሞቅ ትልቁም ይሞቃል። እንጦጦ ላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ሰባ በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ፣ ትልቁ ሞተር ጥቁር ጭስ እየተፋ ሲነሳ የሚሰማውን ድምፅ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደ ደወል ነው የማውቀው።

አሁን ወደ ደብተሩ ልምጣ።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ይተመን ተባለ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለእኛ ቤት ይህ ማለት ከውጭ የሚመጣ ኩሽኔታ ዋጋ እጥፍ ሊሆን ነው ማለት ነበር። ዶዘሯ ከ10 ቶን በላይ ብረት ናት። ብረት በኪሎ የሚገዛ ሰው መጥቶ ዙሪያዋን ዞረ፣ ዋጋ ጠራ። ጥሩ ዋጋ ነው። ቆርጦ ይወስዳትና ቀልጣ ፌሮ ትሆናለች፤ ምናልባት የሆነ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ትገባለች። እኔ እንሽጥ አልኩ። እውነቴን ነው፤ አባዬ ደክሟል፣ ዓይኑም ደክሟል። እሱ ግን መልስ ሳይሰጠኝ ገብቶ የጥገና ደብተሮቹን አመጣ። የትምህርት ቤት ደብተር ናቸው፣ ሽፋናቸው በዘይት ጠቁሯል። ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ምን እንደተበላሸ፣ ምን እንደተቀየረ፣ ማን እንደሠራው ተጽፏል።

«አንብብና ከዚያ እንሽጥ በለኝ» አለ።

ሦስት ማታ አነበብኩ። የማናውቀው ታሪክ እዚያ ተጽፎ ነበር። ከድሬዳዋ የባቡር ወርክሾፕ የወጣ የቶርኖ ባለሙያ ጥርስ ቀርጾላታል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ከተገኘ የጭነት መኪና ብረት ሩሎ ተሠርቶላታል። ከዚያ የ1988 ዓ.ም. ገጽ ላይ እንዲህ የሚል አንድ መስመር አገኘሁ፤ «ፒን 4። ከሴሚያስ የተሠራ። ቀጨኔው።»

ሴሚያስ የጭነት መኪና የኋላ እግር ውስጥ ያለ ጠንካራ ዘንግ ነው። ሰውየው ያንን ቆርጦ፣ አግሎ ቀጥቅጦ፣ ለክቶ አስተካክሎ፣ መልሶ አግሎ በተቃጠለ ዘይት ውስጥ ነክሮ አጠንክሮታል። ፋብሪካ የሚሠራውን ፒን በወናፍ ሠራው። ቀጨኔ እዚሁ ጉለሌ ውስጥ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ነው። ሸክላ ሠሪዎች፣ አንጥረኞችና ሸማኔዎች የሚኖሩበት፣ ለረዥም ዘመንም «ቡዳ» እየተባሉ የተገለሉበት ሰፈር።

«አባዬ፣ ይሄ ሰውዬ ስሙ ማን ነበር?»

«ቀጨኔው ነዋ።»

«ስሙን ነው የምልህ።»

ዝም አለ። ብዙ ቆየ።

«አልጠየቅሁትም» አለ። «ሲጨርስ ከፈልኩት። ቡና ተፈልቷል፣ ግባ ብሎኝም ነበር።»

«ገባህ?»

«አልገባሁም። ሰው ያየኛል ብዬ።»

ስለ ሴባስቶፖል ሳነብ፣ ስለ ሰርኪስ ባቡር ሳነብ፣ «ታሪክ ጸሐፊዎች የጠጋኙን ስም ለምን አልጻፉም?» እያልኩ ስቆጣ ከርሜያለሁ። ለካ ጥፋቱ የታሪክ ጸሐፊ ብቻ አይደለም። ዕድሜ ልኩን «ግሪስ በቀባ» ሲባል ደሙ የሚፈላው አባቴ፣ ሹፌር ሲሸለም መካኒክ ይረሳል እያለ የሚማረረው አባቴ፣ ከእሱ ዝቅ ያለ ሰው ሲያገኝ እሱም ስም አልጠየቀም። አዋጁ ከወጣ 88 ዓመት አልፎት ነበር። ደግሞ ከእኔ የተሻለ ሰው ነው። እኔኮ ደብተሩን ባላነብ ኖሮ ጥያቄውም አይመጣብኝም ነበር።

በማግሥቱ አባዬ ጫማውን አድርጎ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ቀጨኔ ሄድን። ሰፈሩ ተለውጧል፤ ያኔ የሚያውቀው ጠባብ መንገድ ኮብልስቶን ሆኗል፣ የሚያውቀው በር የለም። አንዲት እናት ደጃፍ ላይ ጀበና እየሠሩ ነበር። ሰላም አልናቸው።

«ማንን ነው የምትፈልጉት?»

አባዬ ነገራቸው። ብረት የሚሠራ፣ ረዘም ያለ፣ ግራ እጁ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ያለበት።

«ስሙስ?»

«ስሙን አላውቀውም፣ እማማ።»

እጃቸውን ከጭቃው ሳያነሱ ቀና ብለው አዩት። «ብረት የሚሠራ ሁሉ እጁ ላይ ቃጠሎ አለው፣ ልጄ። ስም ሳይዙ ሰው እንዴት ይፈለጋል?»

ከዚያ ቡና እየፈላ ነው፣ ግቡ አሉን። አባዬ ጎንበስ ብሎ ገባ። ሦስተኛውን ጠጥተን ወጣን። ሰውየውን አላገኘነውም።

ዶዘሯን አልሸጥናትም። ለስሜት ብለን አይደለም፤ አስልተን ነው። ሰንሰለቱ ገና ያልተገለበጠ ጎን ነበረው፣ ካባው ደግሞ የሁለት ክረምት ሥራ አለው። ኅዳር ላይ ሰንሰለቱን አወረድን። አራቱን የቀጨኔ ፒኖች ከፋብሪካዎቹ መለየት ቀላል ነው፣ ጫፋቸው ላይ የመዶሻ ምት አለ። ሁለቱ አልቀው ነበር። ሁለቱ ግን ደህና ናቸው፤ አባዬ በአውራ ጣቱ ዳብሶ «ይሠራል» አለ። ገልብጠን መልሰን ገጠምናቸው።

ላለቁት ሁለቱ ምትክ የሠራልን አንድ ወጣት የቶርኖ ባለሙያ ነው። ሒሳብ ከፍዬ ልወጣ ስል ተመለስኩና ሙሉ ስሙን ጠየቅሁት። «ለደረሰኝ ነው?» አለኝ። አይደለም፣ ለደብተር ነው አልኩት። ግራ ገብቶት ሳቀ፤ ከዚያ እጁን በጨርቅ ጠርጎ እስክሪብቶውን ከእጄ ተቀበለና ራሱ ጻፈው። የራሱን፣ የአባቱን፣ የአያቱን።